ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ፤ ስለ አንዲት ትንሽ አይሮፕላንና ስለ አረጀው መላሿ

ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ በጋራው ራስ ላይ የቆመ ሰው ወደ ምዕራብ ሲመለከት አገሩ እንደ ተጣጠፈ ጋቢ ሆኖ ይታየዋል፤ በጋራና በጋራ መካከል በሽሎ ወንዝና ገባሮቹ የቈረጡት ገደል አለ፤ ከማዶ ተንታና መቅደላ፥ ከዚያም አልፎ ሳይንትና ቦረና እስከ መካነ ሰላም ድረስ ይዘረጋል። በዚህ አገር ለዓይን ቅርብ የሆነው ሁሉ ለእግር ሩቅ ነው፤ ስለዚህም ሰው ከሰው የሚገናኘው አስቀድሞ በድምፅ ነው። ከወዲህ ያለው እረኛ በማዶው ጋራ ሰው ሲያልፍ ባየ ጊዜ «ማነህ?» ብሎ ይጣራል፤ የተጠራውም «እኔ ነኝ፥ የእገሌ ልጅ» ብሎ ይመልሳል። ያልመለሰ እንደ ሆነ ወይ አልሰማም፥ ወይ ክፉ አስቧል ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህ የእረኞች ልማድ በሰማይም እንደሚሠራበት የተማርነው ባለፈው መስከረም ነው። ያየነውንና የሰማነውን፥ ያፈርንበትንም ጭምር ሳንደብቅ፥ ለተከበሩ አንባቢዎቻችንና ለቤተ ሰቦቻቸው ለመንገር ይህን ጽፈናል።

የአዲስ አበባ ሰው አይሮፕላንን በቅርብ ያወቀው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ. ም. ፖቴዝ የምትባል አይሮፕላን ከጂቡቲ ተነሥታ በከተማው ባረፈች ጊዜ ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ድምፁን የተማረው በክፉ ቀን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። ደግሞ በ1977 ዓ. ም. በረኃቡ ዘመን የእንግሊዝና የጀርመን ትልልቅ አይሮፕላኖች መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም አብረው ያግዙ ነበር። እንዲህ ሆኖ ያው የሞተር ድምፅ አንድ ጊዜ ሞት፥ አንድ ጊዜ እንጀራ ይዞ መጣ። አያታችን በሕይወት ሳሉ አይሮፕላን በሰሙ ቍጥር ከደጅ ወጥተው እጃቸውን በግንባራቸው ላይ እየጋረዱ «ይህ ደግሞ የማን ነው?» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር፤ ጥያቄያቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የታላቅ እኅታችን ልጅ በአዲስ አበባ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ የአይሮፕላን ራዲዮና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይጠግናል። በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ስልክ ደውሎ «ጋሼ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ስትሄድ የነበረች ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን መልስ መስጠት ስላቆመች ኮምቦልቻ ላይ አርፋ ቆማለች። እኔም ልጠግናት መጥቻለሁ። ፍርድ ቤቱ ካልተከፈተ ቢመጡና ቢያዩ ደስ ይለኛል» አለን። ፍርድ ቤቱም በክረምቱ እረፍት ላይ ስለ ነበረ፥ ለእኅታችንም የልጇን ደኅንነት አይቶ የሚመጣላት ሰው ስላስፈለገ፥ በማግሥቱ ጧት ከኩታበር ተነሣን።

መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ በግራና በቀኝ አደይ አበባው ብቻ እንደ መብራት ይታይ ነበር። በ1870 ዓ. ም. አፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት ነገር ጉባኤ ባደረጉበት በቦሩ ሜዳ በኩል አድርገን ደሴ ስንደርስ ከተማዪቱ ከግሸን ማርያም በሚመለሱ ተሳላሚዎች ተጨናንቃ አገኘናት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ በጠመዝማዛ ቍልቍለት ይወርዳል፤ ጉሙም ከላይ ቀረ፥ ብርዱም ለቀቀን፤ ሜዳው በተገለጠ ጊዜ ጋቢያችንን አጥፈን በጉልበታችን ላይ አስቀመጥነው።

በአይሮፕላን ጣቢያው በር ተፈትሸንና ተመዝግበን ገባን። አይሮፕላኒቱ ከዳር ቆማ ነበር፤ ልጁም ከሆዷ ሥር በጀርባው ተኝቶ ሲሠራ አገኘነው። ተነሥቶ ጉልበታችንን ከሳመ በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው ያስረዳን ጀመር።

የታመመው መሣሪያ ትራንስፖንደር ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «መላሽ» እንለዋለን። ከመኪና ራዲዮ እምብዛም የማይበልጥ ሣጥን ነው፤ በነጂው ፊት ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር ተሰክቶ ይቀመጣል። በመሬት ያለው ራዳር በ1,030 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይጠይቃል፤ መላሹም ጥያቄውን በሰማ በሦስት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ በ1,090 ሜጋኸርዝ መመለስ ይጀምራል። የጥያቄው ዓይነት የሚለየው በሁለት ምቶች መካከል ባለው ጊዜ ነው፤ 8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢሆን «ማነህ?» ማለት ነው፤ 21 ቢሆን «ከፍታህ ስንት ነው?» ማለት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከ0 እስከ 7 ባሉት አኃዞች የተጻፈ ባለ አራት አኃዝ ቍጥር ነው፤ በጠቅላላውም 4,096 ልዩ ልዩ ቍጥር ይወጣል። ተቈጣጣሪው ለጉዞው የሰጠውን ቍጥር ነጂው በእጁ ይሞላል። ሦስት ቍጥሮች ግን ለመከራ ቀን የተጠበቁ ናቸው፤ 7500 አይሮፕላኑ ተጠለፈ፥ 7600 የመነጋገሪያው ራዲዮ ተበላሸ፥ 7700 ጭንቅ ደረሰ ማለት ነው።

ይህ ጥበብ የተወለደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ራዳር ከሩቅ የሚመጣውን አይሮፕላን ያሳያል እንጂ ወዳጅ ይሁን ጠላት አይለይም፤ ስለዚህ እንግሊዞች በገዛ አይሮፕላኖቻቸው ላይ ሲጠየቅ የሚመልስ መሣሪያ ሰቀሉ። ልጁ ይህን ሲነግረን አያታችን ከደጅ ቆመው ይጠይቁት የነበረው ጥያቄ ትዝ አለን፤ ጠቢባኑ መሣሪያ የሠሩለት ጥያቄ ያው የእርሳቸው ነበርና።

«ታዲያ ይህች አይሮፕላን ምን ሆነች?» ብለን ጠየቅነው።

«ከአዲስ አበባ ስትነሣ ተቈጣጣሪው በደንብ ያያት ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከበረረች በኋላ ግን መልሷ ይቈራረጥ ጀመር፥ ቈይቶም ጠፋ። ነጂው ተራራ ጋርዶን ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር። እውነት ነው፥ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ጋራ ዞሮ አይሄድም። ነገር ግን ከፍ ካሉ በኋላም አልተመለሰም፤ ስለዚህ ተራራውን ብቻ መክሰስ አይበቃም» አለን።

ከዚያ በኋላ ያየነው ሥራ በእኛ ቤት የምስክር መስማት ሥርዓትን ይመስል ነበር። ልጁ ሣጥኑ አርጅቷልና ጥፋቱ የእርሱ ነው ብሎ አልጀመረም። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን መረመረ፤ መሣሪያው እየሠራ ሳለ የሚደርሰውን ቮልት ለካ፥ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ ሣጥኑን ከማቀፊያው ስቦ አወጣና በጀርባው ያሉትን መገናኛ ጥርሶች አጥርቶ መልሶ ሰካው፤ በሞተር ንዝረት ብዛት ሣጥኑ ጥቂት ወደ ኋላ ሸሽቶ ግንኙነቱ ሊላላ ይችላልና፤ በዚህም ለውጥ አልተገኘም። ሦስተኛ ከሆዷ ሥር ያለችውን አንቴና አየ፤ ርዝመቷ ከጣት የማይበልጥ ስትሆን የሞተር ዘይትና የጢስ ጥላሸት ሸፍኗት ነበር፤ አጠባት፥ ከአይሮፕላኒቱ ቆርቆሮ ጋር የምትገናኝበትንም ቦታ ፈግፍጎ አጸዳ። አራተኛ አንቴናዋን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ፈታ፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ነበረ፤ ቈርጦ በአዲስ ማያያዣ አሰረው።

ከዚህ በኋላ በእጅ የምትያዝ መፈተሻ አወጣ፤ ይህች ትንሽ መሣሪያ እንደ ራዳር ሆና ትጠይቃለች፥ የመልሱንም ሞገድና ኃይል ትለካለች። ሲፈትናት መላሹ ወዲያው መለሰ። እኛም ደስ ብሎን «እንግዲህ ጥፋተኛው ዝገቱ ነው፤ ነገሩ አለቀ» አልን።

ልጁ ግን ሣቀና «ጋሼ፥ መጀመሪያ ያመነው ብቻውን ያጠፋ አይደለም። ዝገቱ በደለኛ ነው፥ ግን ዝገት ግማሽ ሰዓት ጠብቆ አያጠፋም» አለን። መሣሪያው ሳይጠፋ እንዲቈይ አድርጎ በየአሥር ደቂቃው ይፈትነው ጀመር። በመጀመሪያ ሞገዱ በ1,090 ላይ ነበር፤ እየሞቀ ሲሄድ ግን ጥቂት በጥቂት እየሸሸ ከተፈቀደው የ3 ሜጋኸርዝ ወሰን ወጣ። ኃይሉም ወረደ፤ ከ15 ሺህ ጫማ በታች ለሚበሩ አይሮፕላኖች የተወሰነው ዝቅተኛ ኃይል በአንቴናው ላይ 70 ዋት ሲሆን፥ ከዚያ በታች ሆነ። ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን የመልስ ምልክት የምትሰጠው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ተወች።

ጥፋቱ እንግዲህ ተገኘ። በአሮጌዎቹ መላሾች ውስጥ ሞገዱን የሚያመነጨው እንደ ድሮ ራዲዮ ያለ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲያረጅ ሙቀት ሲነካው ድምፁ እንደሚሰበር አረጋዊ ዘማሪ ቃናውን ይስታል። ለእንደዚህ ያለው ዕቃ መለዋወጫ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሌላ አሮጌ ሣጥን ተፈትቶ ነው፤ የተተካውም ቱቦ እንደ ቀደመው ያረጀ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሌላም አንድ ነገር መረመረ፤ ይኸውም ለመላሹ ከፍታውን የሚነግረው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከፍታን በመቶ በመቶ ጫማ እየቈጠረ፥ የአየሩን ግፊት በመላው ዓለም በተስማሙበት በ1,013 ሄክቶፓስካል ልክ ይናገራል፤ ከእርሱ ወደ መላሹ ከሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ ሐሰተኛ ከፍታ ይናገራል። ኮምቦልቻ ላይ ከ6 ሺህ ጫማ ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ተናገረ፤ የነጂውም ከፍታ መለኪያ በዚያው ግፊት ሲሞላ ተስማማ፤ ስለዚህ ነጻ ወጣ።

ልጁ ውጤቱን ለአይሮፕላኒቱ ባለንብረት በስልክ ነገረው። የሰውዬውን ድምፅ እኛም ሰማን፤ «ሲነሣ ይሠራል ብለሃል፤ እንግዶቼ ላሊበላ ላይ ይጠብቁኛል። ተጠግኗል ብለህ ፈርም፤ ሌላውን ሲመለስ እንቀይራለን» ይል ነበር። ልጁም «መሣሪያው እንደማይሠራ አስታውቀው፥ አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፥ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ያለ እንግዳ ወደ አዲስ አበባ ይመልሷት፤ ይህ ከተፈቀደልዎ እኔ አልቃወምም። የማይሠራውን ይሠራል ብዬ ግን አልፈርምም» ብሎ መለሰ። ስልኩ በቍጣ ተዘጋ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ልጁ አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ ነው፤ እናቱ፥ እኅታችን፥ የምትጦረው በእርሱ ደመወዝ ነው። እኛም ይህን አስበን «ልጄ፥ ላሊበላ ሩቅ አይደለም፤ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። ለአንድ ቀን ብለህ እንጀራህን አታበላሽ» አልነው።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ኋላም በአክብሮት «ጋሼ፥ እርስዎ በችሎት ያልቀረበውን ባለጉዳይ ቀርቦ ነበር ብለው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። በጽሕፈት ሥራችን ዘመን ሁሉ ስም ሲጠራ «አቤት» ያለውን አለ፥ ዝም ያለውን የለም ብለን ጽፈናል፤ ከዚህ የወጣ መዝገብ የሰው ርስት እንደሚያስወስድ እናውቃለን። በዚያች ሰዓት ግን ለዘመዳችን ስንል በሌላው መዝገብ ሐሰት እንዲጻፍ መክረን ነበር።

የነገሩን ክብደት ያስረዳን ወደ ምዕራብ ወደ ጋራዎቹ እያመለከተ ነው። በቦረናና በሳይንት አቅጣጫ ያለው አምባ ፈሪት ወደ 4 ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ ይኸውም 13 ሺህ ጫማ ያህል ነው። ትንሽ አይሮፕላን አየር በውስጧ ስለማይታመቅ፥ ነጂውም በጣም ከፍ ካለ ኦክሲጅን ስለሚያስፈልገው፥ እንደ ልቧ ወደ ላይ መውጣት አትችልም። እንግዲህ በተራራው ራስና በላይኛው ሰማይ መካከል የተረፈላት መንገድ ጠባብ ነው፤ በዚያው ጠባብ መንገድ መንገደኛ የጫኑ ትልልቅ አይሮፕላኖች ወደ ላሊበላና ወደ ኮምቦልቻ ለማረፍ ይወርዳሉ። ራዳሩን ጋራ ቢጋርደው እንኳ ትልቁ አይሮፕላን በራሱ መሣሪያ በዙሪያው ያሉትን መላሾች ይጠይቃል፤ መልስ ካገኘ ነጂውን «ውጣ» ወይም «ውረድ» ብሎ ያስጠነቅቃል። መልስ ካላገኘ ግን ትንሿ አይሮፕላን ለእርሱ የለችም፤ በጉም ውስጥ ደግሞ የሰው ዓይን አይረዳም።

ይህም የፍርሃት ወሬ ብቻ አይደለም። መስከረም 19 ቀን 1999 ዓ. ም. በብራዚል ሰማይ፥ በአማዞን ጫካ ላይ፥ አንድ ትንሽ ጄትና አንድ ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ፊት ለፊት እየበረሩ ተጋጩ። የትንሹ ጄት መላሽ በዚያ ሰዓት መልስ አይሰጥም ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱም ማስጠንቀቂያ ዝም አለ። ትንሹ ጄት ተጎድቶ አረፈ፤ በትልቁ ውስጥ የነበሩት 154 ሰዎች ግን ሁሉም አለቁ።

ባለንብረቱ በማግሥቱ ልቡ ተመለሰና አዲስ መላሽ ከነማቀፊያው፥ ከነኬብሉ፥ ከነአንቴናውና ከነፈቃድ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ላከ። እኛም ከዘመድ ቤት ሰንብተን ሥራውን እስከ መጨረሻው አየን። አዲሱ መላሽ ቱቦ የለውም፤ ቀላል ነው፥ ኤሌክትሪክም ጥቂት ይበቃዋል። ከአራቱ አኃዝ ሌላ ለዚያች አይሮፕላን ብቻ የተሰጠ ቋሚ ቍጥር አለው፤ እንዲህ ያለው ቍጥር ለመላው ዓለም ከ16 ሚሊዮን በላይ ተዘጋጅቶ ለየመንግሥታቱ ተከፋፍሏል። የቀድሞው ቍጥር በየጉዞው እንደሚለወጥ የመዝገብ ቍጥር ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ጣት አሻራ ነው። ደግሞም ካልጠየቁትም ቦታውንና ከፍታውን ከሳተላይት እየተቀበለና ከመሣሪያዎቹ እየሰበሰበ በየሰከንዱ ራሱ ይናገራል።

ልጁ አሮጌውን ኬብል ጭምር ለወጠ፤ «አዲስ ወይን በአሮጌ አቍማዳ አይሆንም» እያለ። የአዲሱን ክብደት መዝኖ በሰነዱ ላይ አስተካከለ፤ ቋሚውን ቍጥር ከአይሮፕላኒቱ ወረቀት ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየ፥ በሌላ አይሮፕላን ስም መናገር ዝም ከማለት ይከፋልና። በመጨረሻ አንድ ሰዓት ሙሉ አሙቆ ፈተነው፤ መልሱ አልተናወጠም። ከዚያ በኋላ በጥገናው መዝገብ ላይ ቀኑን ጽፎ ፈረመ። እኛም ያንን ፊርማ ቆመን አየነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ልጆቻችንን ስናስተምር እውቀት እንዲያገኙ እንተጋለን፤ በእውቀታቸው ላይ ፊርማቸውን በሚያኖሩበት ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ ራሳችን እንጀራ እያልን እናደክማቸዋለን። ያ ባለንብረት ከዚያ ወዲህ ለልጁ ሥራ አልሰጠውም፤ ይህንንም ለአንባቢ አንሰውርም።

በዚያው ማታ ወደ ኩታበር ተመለስን። ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ የሚሄደው የአየር መንገድ በኩታበር አጠገብ ያልፋል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከእኅታችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ከጉሙ በላይ የትንሽ ሞተር ድምፅ መጣ። እኅታችን ስኒውን አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች፤ እጇንም እንደ አያታችን በግንባሯ ላይ አድርጋ «ይህ ደግሞ የማን ነው?» አለች።

«ልጅሽ የፈረመባት ናት፤ እርሱም ተሳፍሮባታል» አልናት።

እኅታችን አልተመለሰችም፤ ድምፁ በበሽሎ ገደል ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ሰማች። ከዚያም ገብታ ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።